የኔታ ላቀውና የድመታቸው እግር

የኔታ ላቀው ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለልኝ ድሮ ደብረ ታቦር አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ስለ ጡረታ ወረቀት ሊጠይቀኝ ደውሎ፣ ጨዋታችን ሊያልቅ ሲል፣ «ለካ እነዚያ ያከራዩህ የነበሩት የኔታ ዐርፈዋል» አለኝ። ነፍስ ይማር አልሁ። መቼ ነው፣ ማን ቀበራቸው ብዬ ጠየቅሁ። ያከራየኝ ቀበሌ እንጂ እሳቸው አለመሆናቸውንም ሳላርመው አላለፍሁም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ተናደድሁ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ «ምን ሆንህ?» አለችኝ። «አንድ ሰው ሞተብኝ» ስላት፣ «ይኸ የሐዘን ፊት አይደለም፤ የተጣላ ሰው ፊት ነው» አለች። እውነቷን ነው። ከየኔታ ላቀው ጋር የኖርሁት ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቴ እንደዚያ ነበር።

የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ደብረ ታቦር ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ደርግ ትርፍ ቤት ከወረሰ ቆይቷል፤ ብሔራዊ ውትድርና ገና መታወጁ ነበር። የየኔታን ግቢ ያወረሰቻቸው ሟች እኅታቸው ናት። ሦስት ክፍል አለው፤ ሁለቱን ቀበሌ ትርፍ ነው ብሎ ወስዶ፣ አንዱን ዕቃ ማስቀመጫ አደረገው፣ አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ስደርስ አንድ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። የመነጽራቸው አንዱ ጆሮ ተሰብሮ በክር ታስሯል።

«ማን ላከህ?»

«ቀበሌ ነው፣ የኔታ።»

«እሽ፣ ግባ። ጫማህን ግን አውልቅ።»

«ቤት ስገባ አወልቃለሁ።»

«ቤት አላልሁም። እዚሁ፣ ግቢው በር ላይ።»

የቅድስና ነገር መስሎኝ አወለቅሁ። ምክንያቱ ድመት መሆኗን የሰማሁት በሳምንቱ ነው። አንድ ጊዜ የቀበሌ ጥበቃዎች መሣሪያ ፍለጋ ግቢውን ሲያስሱ፣ በቡትስ ጫማቸው ገብተው የመጽሐፍ መደርደሪያውን በድመቷ ላይ ጥለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ የጫማ ኮቴ የሰማች እንደሆነ ቆጥ ላይ ወጥታ ቀኑን ሙሉ አትወርድም። ስለዚህ ቀበሌም ይምጣ ካህንም ይምጣ፣ ወደ ግቢው የሚገባ ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ከጉና ተራራ የሚወርደውን የደብረ ታቦር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላሞች ስከትብ ውዬ፣ እግሬ ደንዝዞ መጥቼ፣ ለአንዲት ድመት ስል ውርጭ ባረፈበት ድንጋይ ላይ በባዶ እግሬ እሄድ ነበር። ሌላ ቤት እንዲሰጡኝ ቀበሌውን ሁለት ጊዜ በማመልከቻ ጠይቄያለሁ።

ድመቷ ዐቃቢት ትባላለች፤ በግዕዝ ጠባቂ ማለት ነው። የብራና መጻሕፍቱን ከአይጥ የምትጠብቅ እሷ ናት። አመድማ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ ከደርግ በዕድሜ የምትበልጥ አሮጊት ናት። «በጃንሆይ ጊዜ ስለተወለደች አብዮቱ እስካሁን አልገባትም» ይሉኝ ነበር የኔታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እሳቸው ካልሆኑ ማንም አይነካትም። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ትንቀጠቀጣለች። በር ሲንኳኳ ትሰወራለች። ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ጠጉሯ ይቆማል።

የኔታ የትርጓሜ መምህር ነበሩ። በደጉ ጊዜ ወንበራቸው ሥር ሃያ ተማሪ ይቀመጥ ነበር አሉ። እኔ ስደርስ ከፊሉ ለውትድርና ተወስዶ፣ ከፊሉ ይወስዱኛል ብሎ ወደ ጎጃም ተሻግሮ፣ ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። የትርጓሜ መምህር ለአንድ ቃል አንድ ፍች ብቻ ሰጥቶ አያልፍም፤ «አንድም» እያለ ሁለተኛውን ሦስተኛውን ይደርባል። የእሳቸው ግን ከወንበሩ ወርዶ ኑሯቸው ውስጥ ገብቷል። «የኔታ፣ ዛሬ ይዘንባል?» ብዬ ብጠይቅ፣ አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው፣ በሌለ መጽሐፍ ላይ ገጽ እየገለጡ፣ «አንድም ይዘንባል፤ ደመናው ከብዷል። አንድም አይዘንብም፤ ነፋሱ የጉና ነው» ይሉኛል። እኔ ካፖርቴን ልያዝ ወይስ ልተወው ነው የጠየቅሁት። ከእሳቸው ጋር አንድ ነገር ቆርጦ መነጋገር አይቻልም ነበር።

ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ድምፅ ማጉያው ለስብሰባ ሲጠራ ዐቃቢት ደንብራ ስትሮጥ የቆርቆሮ ስለት ቀኝ የፊት እግሯን ቆረጣት። የኔታ ለሁለት ቀን ጸበል እያፈሰሱ አመድ ነሰነሱበት። በሦስተኛው ቀን እግሯን አንጠልጥላ በሦስት እግር ስትዘል አየኋት። መዳፏ አብጦ ሽንብራ እንጎቻ አክሏል።

«የኔታ፣ ይኸ መግል ይዟል። ካልፈነዳና መድኃኒት ካልወሰደች ትሞታለች።»

«አንተ የላም ሐኪም አይደለህም?»

«መግል ያው መግል ነው!»

የመነጽራቸውን ክር አጠበቁና፣ «ልጄ፣ ከዚህች ሌላ ከኔ ጋር ያረጀ የለም፤ አድንልኝ» አሉ። አንድም ሳይሉ የጠየቁኝ እሱን ብቻ ስለሆነ ደነገጥሁ።

በማግሥቱ ከመሥሪያ ቤት መድኃኒት ላወጣ ብል ሌላ መከራ ሆነ። የመድኃኒት መጠየቂያው ቅጽ ላይ በሬ አለ፣ ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያ፣ ዶሮ ሳትቀር አለች። ድመት የለችም። አለቃዬን ብጠይቀው፣ ቀና ሳይል፣ «የሕዝብ መድኃኒት ለድመት አይወጣም» አለኝ። ተመልሼ ቅጹ ላይ «በግ፣ አንድ» ብዬ ጻፍሁና የሰልፋ ክኒን አወጣሁ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት አጉድሎ መገኘት አሻጥር የሚባል ስም ነበረው። አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል።

ቅዳሜ ጧት መዳፏን አፈነዳሁት። የኔታ በጋቢ ጠቅልለው አንገቷን ብቻ አስቀርተው አቀፏትና፣ በለሆሳስ ዜማ ያዙ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ያቺ በጥላዋ የምትደነብር ድመት ዐይኗን ጨፍና ተዘረጋች። ምላጩን አስገብቼ መግሉ መውረድ ጀመረ። ግማሽ ላይ ስደርስ ዜማው ቆመ።

«ይኸ ቃል እኮ» አሉኝ ጣታቸውን እያራሱ፣ «አንድም ስለ ሥጋ ቁስል ነው፣ አንድም…»

«የኔታ፣ ያዚሙ!»

ጊዜ አልነበረም። ዐቃቢት ከጋቢው ወጥታ ክንዴን ከክርን እስከ አንጓ ቧጥጣ ቆጥ ላይ ወጣች። ደሜን እየጠረግሁ ጮህሁባቸው። እሳቸውም ተቆጡ፤ ትርጓሜ ሰምቶ የሚቆጣ ሰው የመጀመሪያው አንተ ነህ አሉኝ። ከቀትር በኋላ እንደተኳረፍን ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ እሳቸው አቅፈዋት ያለ ትርጓሜ ሲያዜሙ እኔ የቀረውን መግል አወጣሁ። ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ የጨው ውኃ መንከር፣ ሩብ ክኒን በቀን አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት። የሚበቃትን ክኒን ቆራርጬ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው፤ የተረፈው እኔ ዘንድ ቀረ።

በሁለተኛው ቀን ከበራቸው ፊት አፈር ላይ ነጭ ነገር አየሁ። ሩብ ክኒን ነው። ከጎኑ ሌላ ሩብ ክኒን።

«የኔታ፣ መድኃኒቱን ሰጧት?»

«አንድም ሰጥቻታለሁ።»

«አንድምስ?»

«አንድም ተፍታዋለች። በሽሮ ፍትፍት አድርጌ ሰጠኋት፤ ሽሮውን ትልሳለች፣ ክኒኑን ትለየዋለች።»

እውነትም በዚያ ቤት ሽሮና ጎመን እንጂ ሌላ የለም። ድመቷ አጥንቷ ወጥቷል። እኔ የማውቀው ከብት አፉን ከፍተህ ክኒን ብትወረውርበት የሚውጥ ነው፤ የዐቃቢትን አፍ ልክፈት ብል ጣት አይተርፈኝም።

«ሥጋ ውስጥ ካልተደበቀ አትበላውም» አልሁ።

«በሁዳዴ?»

«ክርስቲያኑ አያርድም እንጂ ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ ዘንድ በየሳምንቱ ይታረዳል። ትንሽ ቁራጭ ብቻ…»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስማኝ። በዚህ ግቢ በሁዳዴ ሥጋ አይገባም። የእስላም ሥጋማ ይቅርና የክርስቲያኑም አይገባ! ይኸ ወንበር የተዘረጋበት ቤት ነው። ነገ ሰው ምን ይላል?»

«ትሞታለች እኮ!»

«ትሙት አላልሁም። ሥጋ አይገባም ነው ያልሁ።»

በሩን ገጭ አድርጌ ወጣሁ። አድንልኝ ያሉኝ ራሳቸው፣ ማዳኛውን የሚከለክሉኝ ራሳቸው። ድንጋይ ቢሆኑ ይፈለጡ ነበር እያልሁ በምሬት ከተማውን ዞሬ ስመለስ፣ ሳላስበው ቅመም ከምትሸጠው ከእትዬ ዘሐራ ደጅ ደረስሁ። ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ናት።

«ትንሽ ቀይ ሥጋ ይሽጡልኝ።»

«አንተ ጾም አይደለህም እንዴ?»

«ለኔ አይደለም። ለድመቷ ነው፤ መድኃኒት ልደብቅበት። ለየኔታ እንዳይነግሩ፣ አደራ!»

ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች። «ወላሂ አልናገርም» አለች። ምን እንዳሳቃት አልገባኝም። በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ከዚያም በየሁለት ቀኑ።

የኔታ ለኪዳን ሌሊት ገስግሰው ይወጡ ስለነበር ጧት ግቢው የእኔ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ቁና በሚያክል ድንጋይ ላይ ሥጋውን አኑሬ ራቅ እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን ቀኑን ሙሉ አልመጣችም። በሁለተኛው ቀን እያየችኝ በላች። በአራተኛው ቀን ከእጄ በላች፤ በባዶ እግሬ ቁጭ ብዬ፣ በዚያ በቧጠጠችው ክንዴ ላይ ትንፋሿ ሲሞቀኝ፣ እውነቴን ነው ደስ አለኝ። እብጠቱ ጎደለ። ከእንግዲህ አንድምም ይባል ሌላ፣ ድመቷን ያዳንሁ እኔ ነኝ አልሁ በልቤ።

በአምስተኛው ቀን ለሐጯ መዝረብረብ ጀመረ። አንገቷን ደፍታ ትውላለች። መግሉ ደም ውስጥ ገብቷል ብዬ ሰጋሁና ሩቡን ክኒን ግማሽ አደረግሁት። ባሰባት። የኔታም ፊታቸው ጠቆረ። ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ሲያዜሙላት እሰማለሁ፤ እኔም አልተኛም። እርስ በርሳችን የምንነጋገረው «እንዴት ዋለች?» «እንደዋለች ዋለች» ብቻ ሆነ።

ዓርብ ዕለት፣ እግሯን ልነክርላት ክፍላቸው ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳለ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ታፈረ ስለ ደብረ ዘይት በዓል ሊመክሩ መጡ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ እግራቸውን እያሻሹ መደቡ ላይ ተቀመጡ። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ዐቃቢት ከአልጋው ሥር እየተንገዳገደች ወጣች። መሐል ወለል ላይ ቆመች፤ ሆዷ ተሸማቀቀ፤ ከመምሬ እግር አንድ ክንድ ርቀት ላይ አስመለሰች። ያልተፈጨ፣ የእንቁላል አስኳል የሚያክል ቀይ ሥጋ ነው።

መምሬ እግራቸውን ሰበሰቡ። «ይኸ ምንድን ነው?»

ጎንበስ ብለው አዩት።

«ሥጋ ነው። በሁዳዴ! በዚህ ቤት ሥጋ ያስገባ ማነው?»

ቀድመው ያዩት እኔን ነው። ያችን ሰዓት እስከ ዛሬ አልረሳትም። እኔ ነኝ ብል፣ የመንግሥት ሠራተኛ የመምህሩን ቤት ሊያረክስ የእስላም ሥጋ አስገባ ይባላል። «ለምን?» ይባላል፤ «መድኃኒት ልሰጥ» እላለሁ። የማን መድኃኒት? «በግ፣ አንድ።» ይኸ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በአእምሮዬ አለፈ። የመንከሪያውን ውኃ ማየት ያዝሁ።

የኔታ ድንገት ተነሡ። የጋቢያቸውን ጫፍ ሥጋው ላይ ጣል አድርገው በላዩ ቆሙበትና፣ «እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ? የኔታ?»

«እኔ ነኝ ያስገባሁ። ለድመቷ መድኃኒት መደበቂያ ነው። ከእትዬ ዘሐራ ነው የወሰድሁ።»

መምሬ አማትበው ወጡ። እኔም የመንከሪያውን ጣሳ እንደያዝሁ ወጣሁ። የኔታን ቀና ብዬ ማየት አልቻልሁም። የተማሩ ሽማግሌ፣ ለኔ ሲሉ በጾም ሐሰት ተናገሩ! እንደዚያ ነው ያሰብሁት። ማታውን ግድግዳው አጠገብ ቆሜ ልጠራቸው ብዬ ወደ አልጋዬ ተመለስሁ።

ሲነጋ ወደ እትዬ ዘሐራ ሄድሁ። «ከእንግዲህ ሥጋ ይቅር፤ የኔታ በኔ ኃጢአት…» ብዬ ስጀምር ሳቋ አመለጣት።

«ኧረ ሁለታችሁንም ምን ላርጋችሁ! እሳቸውም እኮ ከኔው ነው የሚወስዱ። ያን ዕለት አንተ ከመምጣትህ ጥቂት ቀደም ብለው መጥተው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው፣ ‹ለታማሚ ነው፤ ለዚያ የላም ሐኪም እንዳትነግሪ፣ አይገባም ብዬ ተቆጥቼዋለሁ› አሉኝ። እሽ አልሁ። ወዲያው አንተ መጥተህ ‹ለየኔታ እንዳይነግሩ›። ለሁለታችሁም ምያለሁ፤ ምን ላድርግ?»

በዚያ ሁሉ ቀን እኔ ጧት እሰጣታለሁ፣ እሳቸው እኔ መሥሪያ ቤት ስውል ይሰጧታል። ዐቃቢት የታመመችው በመግሉ አልነበረም። የሁለት ሰው መድኃኒት፣ በኋላም በኔ ብልሃት ሦስት እጥፍ፣ ስትውጥ ነው። ሁለት የተማሩ ወንዶች አንዲት ድመት በዝምታ መርዘን ልንገድል ነበር። ንዴቴን የምወጣበት አጣሁ። ከንዴቱ ሥር ግን፣ ልደብቀው አይገባኝም፣ ትልቅ ዕረፍት ተሰማኝ። የኔታ ለኔ ብለው አልዋሹም። ሥጋ አስገብተዋል፤ አስገባሁ አሉ። በቃ።

ቤት ተመልሼ «መድኃኒቱ ይበቃታል» አልኋቸው። «ይብቃት» አሉ። ሌላ ነገር አልተነጋገርንም። ለሦስት ቀን ውኃ በማንኪያ ስናጠጣት ሰነበትን፤ በአራተኛው ቀን ሽሮዋን ላሰች። እግሯ ዳነ፤ ሁለት ጥፍር ብቻ ጎደላት።

የኔታ ግን አልዳኑም። ደብሩ እስከ ፋሲካ ከቅጽሩ ውጭ እንዲቆሙ፣ ወንበራቸውም እንዲታጠፍ ቀኖና ሰጣቸው። ይኸስ ባልከፋ። የከፋው ወሬው ነው። ከግቢያችን ሲወጣ ድመቷን በር ላይ ጥሏት ሄደ። ገበያ ሲደርስ «የኔታ በሁዳዴ ሥጋ ገዙ» ሆነ፤ ገበያው ሲፈታ «በሉ» ሆነ። አንዱ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ ቄሶቹ በጾም ሥጋ እንደሚበሉ ማስረጃ ተገኘ ብሎ አስጨበጨበ። እኔም እዚያ ነበርሁ። አላጨበጨብሁም፤ አልተነሣሁምም። ውኃ ስቀዳ ሴቶቹ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲባባሉ ሰማሁ፤ የሚያሙት ሰውዬውን ነው፣ ድመቲቱን ረስተዋታል። ሁለቱ ተማሪዎች ደበሏቸውን ጠቅልለው ወደ ሌላ መምህር ሄዱ።

በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አያቸዋለሁ። ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው፣ ከውስጥ የሚመጣውን ዜማ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይከተላሉ። በአጠገባቸው የሚያልፈው ሰው እጅ መንሣት ትቷል። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ጮህሁባቸው።

«ለድመት ነው ብለው ለምን አይነግሯቸውም?»

«ነገርኋቸው እኮ። አንተ እያለህ ነው የነገርሁ።»

«ደጋግመው ይንገሩ! ይከራከሩ!»

«አንድም የተከራከረ ይረታል፤ አንድም የተከራከረ በላ ማለት ነው ይባላል» ብለው ጥለውኝ ገቡ።

የጋራችን የሆነውን ነገር ልናገርላቸው እችል ነበር። ግማሹ የኔ ነው፣ ድመቷ ስትበላ በዐይኔ አይቻለሁ ብል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ምስክርነት ቢያንስ ገበያውን ዝም ያሰኝ ነበር። ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም አልሁ። እሳቸው ባመኑት ነገር እኔ ምን አገባኝ አልሁ። ሰው ራሱን ማሞኘት ሲፈልግ ተረት አያጣም። ፋሲካ ደረሰ፤ ቀኖናው አበቃ፤ ወንበሩ ግን ለሌላ መምህር ተሰጥቶ ነበር። አልተመለሰላቸውም።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አብረን ኖርን። ወደ ወሎ ስዛወር፣ ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበታቸው ገባሁ። ዐቃቢት ጭናቸው ላይ ተኝታለች። ነገሩ ያረጀ መስሎኝ፣ ለጨዋታ ያህል፣ እየሳቅሁ ጀመርሁት።

«የኔታ፣ አንድ የደበቅሁዎት ነገር አለ። ያን ጊዜ እኔም ከእትዬ ዘሐራ ሥጋ እወስድ ነበር።»

አልሳቁም። «አውቃለሁ» አሉ።

«እትዬ ዘሐራ ነገረችዎት?»

«እሷ አልነገረችኝም። ዓርብ ዕለት መምሬ ፊት ያስመለሰችውን አይቼ ነው። እኔ የምሰጣት በሙቀጫ የደቀቀ ጉበት ነው። ያ ሥጋ ግን በክር የተሰፋ ነበር።»

ሳቄ ቆመ። ክኒኑን እንዳትተፋው ሥጋውን ሰንጥቄ ውስጡ ከትቼ፣ ቁስል በምንሰፋበት ክር አንድ ጊዜ ነካ አድርጌ እዘጋው ነበር። ጋቢያቸውን የጣሉበት ለዚያ ነው። ክሩን መምሬ ቢያዩት የማን እጅ እንደሆነ ማንም አያጣውም።

ዕረፍቴ ሁሉ ከእጄ ወጣ። ተናደድሁ፤ ጮህሁም መሰለኝ። «ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ? የኔ መሆኑን እያወቁ! ወንበርዎ ሄደ፣ ተማሪ ሄደ፣ ስምዎ ሄደ! ለምን ዓመት ሙሉ አልነገሩኝም?»

«እኔም አስገብቻለሁ፤ ሐሰት አልተናገርሁም። አንተ ልጅ ነህ፤ መሥሪያ ቤትህ ቢሰማ ያስሩህ ነበር። እኔን ቢያቆሙኝ ከቅጽር ውጭ ነው የሚያቆሙኝ። እሱን ተወው።» የድመቷን ጆሮ አሻሹ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ቁጣ የለባቸውም፤ ተማሪ የሚጠይቁ ይመስላሉ። «እኔ ከዘሐራ እንደምወስድ የሰማኸው መቼ ነው?»

«በማግሥቱ።»

«እንግዲያ ያን ዕለት ዓርብ፣ እኔ ነኝ ስል፣ ለአንተ ብዬ የምዋሽ መስሎህ ነበር?»

«አዎ።»

«እንደዚያ እየመሰለህ ዝም አልህ?»

የሚወስደኝ አውቶቡስ ከመንገዱ ላይ ጥሩንባውን ነፋ። ዐቃቢት ደንብራ ከጭናቸው ዘለለች፤ እሳቸውም እሷን ሊያረጋጉ ተነሡና፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ሂድ፣ መኪናው ይሄድብሃል» አሉኝ። ሄድሁ። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድሁ። አንድ ጊዜ ለሥራ ጎንደር ድረስ ሄጄ፣ ደብረ ታቦር ሳልወርድ አለፍሁ። መኪናው ቆሞ ሰው ሲያወርድ በመስኮት የገበያውን መንገድ እያየሁ፣ በሚቀጥለው እመጣለሁ አልሁ። አሁን ሞቱ አሉኝ፤ ጊዜ ያለኝ መስሎኝ ስንት ዓመት ተቀምጬበት ሞቱ። ባለቤቴ የተጣላ ሰው ፊት ያለችው ይኸን ነው፤ የተጣላሁት ከሳቸው ጋር አይደለም።

አዎ፣ የኔታ። እንደዚያ እየመሰለኝ ዝም አልሁ።